ከወረቀቱ የቀረ ፊት

ምጽዋ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 1931 ዓ.ም.

በአላህ ስም ጀምሬ፣ እኅትም እናትም ለሆኑኝ ለእትዬ ፋዲላ፣ ሸዋ ሮቢት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዶሮዎቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ያለው ወበቅ የእኛን ቆላ ያስመሰግናል፤ እኛ ጋ ሲሞቅ ጥላ አለ፣ እዚህ ጥላውም ይሞቃል።

ከሸዋ ሮቢት በካሚዮን ተነሥተን ምጽዋ እስክንደርስ ስድስት ቀን ፈጀብን። የሐጅ ጓዶቼ አሥራ አንድ ናቸው። ቃሲም የሚባል የካራቆሬ ሰውም አብሮን አለ። እሱ ሐጅ አያደርግም፤ እኛ መካ ስንወጣ ጅዳ ቀርቶ ጓዛችንን እንዲጠብቅ ተቀጥሮ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሰላት አያሳልፍም፣ የሰው ዕቃ ሲያይ ዓይኑን ይመልሳል።

ፓስፖርት የሚሉትን ትናንት ሰጡኝ። መዳፍ የምታህል ደብተር ናት። ስሜንና የአባቴን ስም በፈረንጅ ፊደል ጽፈውባታል፣ ፎቶግራፌም ተለጥፎባታል። ሲያነሡኝ አትሳቅ አሉኝ፤ እኔም የሚያስቅ ነገር አልነበረኝም። ያለዚህች ደብተር ባሕሩን መሻገር የለም፣ መመለስም የለም ብለውናል። ስለዚህ አንቱ በሰፉልኝ የቆዳ ኮረጆ ውስጥ፣ ለክፉ ቀን ካሉኝ ከእናታችን የብር ቀለበት ጋር ከትቼ አንገቴ ላይ አስሬያታለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎና ይሳቁ። የኮረጆው ስፌት የአንቱ እጅ አይመስልም፤ እንደ ፍየል መንገድ ይጠማዘዛል። ቃሲም አይቶት «ይህን ልጅ ነው የሰፋው?» አለኝ። መቼም ለመንገዴ ቸኩለውልኝ ነው።

ታናሽዎ፣ ሷሊሕ


ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሷሊሕ። የላይኛው ጌታ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ፣ ውሃው ይታዘዝልህ። እኔ ደህና ነኝ።

ይህን የሚጽፍልኝ አቶ ሽፈራው ነው፤ ገበያው ውስጥ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ለሰው ሁሉ የሚጽፈው። ክርስቲያን ነው፣ ግን ሰላምታችንን ከእኛ አሳምሮ ይጽፋል። ያልኩትን ሁሉ ጻፍ ብዬዋለሁ፤ ስድቡንም ጭምር።

ስለ ስፌቴ የጻፍከውን ሰማሁ። ስፌት የሚለካው በጥንካሬው ነው እንጂ በመልኩ አይደለም። ሁለተኛ ስለ ስፌቴ እንዳትጽፍ።

ይልቅ ምክሬን ያዝ። ኮረጆውን ከአንገትህ አታውልቅ፤ ስትታጠብ በጥርስህ ያዘው። ሰው በበዛበት ቦታ ደረትህን አትዳስስ፤ ሌባ ዕቃህን አያይም፣ እጅህ ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚያየው። በአሊዩ አምባ ገበያ ሃያ ዓመት ቡና ስሸጥ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ቀለበት አለኝ ብለህ ለማንም አታውራ። የሚያዝንልህ ሰው ሲበዛ ተጠራጠር። ቤትህን ዝጋ፣ ጎረቤትህን ሌባ አትበል ይባል የለም? ግመልህን እሰርና ከዚያ በአላህ ተመካ።

ቤቱ ሰፋብኝ። እጄ ለሁለት ሰው ነው የለመደ፤ ለአንድ መመጠን አቃተው። የተረፈውን ዶሮዎቹ ይበሉታል፣ ወፍረው መሮጥ አቅቷቸዋል። ስለ አገሩ አልነግርህም፤ የምነግርህ ዝናብ አለመኖሩን ብቻ ነው።

እኅትህ ፋዲላ


ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሷሊሕ። አላህ በሕይወት ያቆይህ፤ አላቆየውም ቢሉኝም።

ቃሲም ትናንት መጣ። ከካሚዮን ወርዶ ደጄ ላይ ቆመ፣ ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ። ኮረጆህን ከደረቱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። የሐጁን ነጭ ጨርቅ፣ ኢሕራሙን፣ ልትለብሱ መርከቡ ላይ ስትዘጋጁ «አማና ነው፣ በአደራ ያዝልኝ» ብለህ እንደሰጠኸው ነገረኝ። ጓዶችህ ከመካ ወደ ጅዳ ሲመለሱ አንተ የለህም። መካ አጠገብ ሚና በሚሉት ቦታ በንዳድ ወድቀህ ያዩህ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያየህ የለም። ቃሲም ሦስት ቀን በየቤቱና በየመስጊዱ ጠየቀ፣ መርከቡ አልጠብቅም አለ። «እትዬ፣ አማና ባለቤቱን ቢያጣ ወደ ባለቤቱ ቤት ይገባል ብዬ ይዤው መጣሁ» አለኝ። ይህን ሲል እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ብላ ብለው አልበላም፣ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሄደ።

ወሬው ተሰማና ጎረቤት ሊያለቅስ መጣ። ከደጅ መለስኳቸው። አንድ ሽማግሌ ኮረጆው ይፈታና የሟቹ ንብረት ይታወቅ አሉኝ። እሳቸውንም መለስኳቸው። እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ ከፈታሁት ውርስ ይሆናል፣ ካልፈታሁት አማና ነው። አንተ የቋጠርከው ቋጠሮ እንዳለ ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። ጣቴን አላስነካሁትም።

ይህን ደብዳቤ ቃሲም በነገረኝ ቦታ እልካለሁ፤ ጅዳ ወደብ አጠገብ የእኛ አገር ሰዎች የሚሰበሰቡበት የጆንያ ነጋዴ ሱቅ አለ ብሎኛል። ሷሊሕ፣ ሞተህ ከሆነ አላህ ይማርህ። ሳትሞት ዝም ብለህ ከሆነ ግን እኔ አልምርህም።

ፋዲላ


ጅዳ፣ መጋቢት 17 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋዲላ። ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስዎ። እግርዎን ስሜ እጀምራለሁ፣ ምክርዎን አፍርሻለሁና።

መርከቡ ላይ ኢሕራም ስንለብስ ለወንድ የተሰፋ ነገር ክልክል ነው ተባለ። ልብሴን አውልቄ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ አገለደምኩ። ከዚያ አንገቴ ላይ ያለውን ኮረጆ አየሁት፤ ዙሪያውን ስፌት ነው። ስንት አገር አቋርጬ የመጣሁለት ሐጅ በአንድ ክር ይበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ። ቃሲም ኢሕራም አይለብስም፣ ታማኝ ነው። ለእሱ ሰጠሁት።

ሐጄን አደረግሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ሚና ላይ ንዳድ ጣለኝ። አሥራ ሦስት ቀን የማን እንደሆነ በማላውቀው ቤት ምንጣፍ ላይ ተኛሁ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣች አንዲት የተክሩር አሮጊት ውሃ ታጠጣኝ ነበር፣ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ጅዳ ስደርስ መርከቡም ቃሲምም ሄደዋል።

የሚያንገበግበኝን ልንገርዎ። ከንዳዱ ስነሣ አንድ የመካ ሼኽ ጠየቅኋቸው፣ ሳቁብኝ። ክልክሉ በልክ የተሰፋ ልብስ ነው፣ የገንዘብና የወረቀት መያዣ ቢሰፋም ይፈቀዳል አሉኝ። ከአገሬ ስነሣ በየመንገዱ ስንቱን ዓሊም አልፌ ይህችን አንዲት ነገር አልጠየቅሁም!

እዚህ ጅዳ ላለው የጣሊያን ቆንስል ጸሐፊ አገሬን፣ የአባቴን ስም፣ የእርስዎን ስም ነገርኩት። ቤታችን ከሮቢ ወንዝ ማዶ እንደሆነም ነገርኩት። በአስተርጓሚ «ወንዝ ወረቀት አይሆንም» አለኝ። ወረቀቴ ካልተገኘ መርከብ አልሳፈርም። አሁን ወደብ አጠገብ ለአንድ የየመን ሰው ጆንያ እሰፋለሁ። ከስፌት የሸሸሁ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ስሰፋ እውላለሁ።

ካራቆሬ ሰው ልከው ቃሲምን ያስፈልጉልኝ። ኮረጆው እሱ ዘንድ መሆኑን ብቻ ልስማ።

ሷሊሕ


ጅዳ፣ ግንቦት 6 ቀን 1931 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋዲላ። ጤና ይስጥልኝ፣ ዕድሜዬን ይውሰዱት።

የመጋቢት ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ከጆንያው ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ የየመኑ ሰው ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ። እትዬ፣ ሦስታችንም አማና ጠባቂዎች ነን። እኔ ለሐጄ ብዬ ሰጠሁት፣ ቃሲም ለቃሉ ብሎ ቤት ድረስ ወሰደው፣ አንቱ ለነፍሴ ብለው ቆለፉበት። ሁላችንም ሥራችንን አሳምረን ሠራንና እኔ ከደጅ ቀረሁ።

በሉ አሁን ይፍቱት። ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ፈቅጃለሁ። ደብተሯን ያውጡና በታመነ ሰው ይላኩልኝ። ቀለበቱ የእናታችን ነው፣ እዚያው ይቅር።

እዚህ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ ሰው የለም። አንዱ ሐበሺ ይለኛል፣ አንዱ አንተ ባለመርፌው ይለኛል። ሥራ ስፈታ ከወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «ሷሊሕ» እላለሁ፣ እንዳልረሳው።

ሷሊሕ


ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሷሊሕ። የሰማይ የምድሩ ጌታ ጤናህን ይስጥህ፣ የባዕድ አገር ዓይን አይብላህ።

ሁለቱ ደብዳቤዎችህ በሐምሌ አንድ ላይ ደረሱኝ። ያን ዕለት ደጄን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ሊያለቅሱ የመጡትን ሁሉ ጠርቼ ማር በጥብጬ አጠጣኋቸው። ሽማግሌውም ጠጡ፣ ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ኮረጆውን በሁለት ምስክር ፊት ፈታሁት። ቀለበቱ አለ፣ ደብተርህም አለች። አቶ ሽፈራው ገልጦ ሲያሳየኝ ፊትህ ወጣ። ሷሊሕ፣ እኔ የሰው ፊት በወረቀት አይቼ አላውቅም። ወደ ደጅ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት፣ እስከ አፍንጫዬ አስጠግቼ አየሁት። ከበቅሎ የወደቅክበት ጠባሳ ግንባርህ ላይ አለ። አንገትጌህ ተጣሟል፤ የሚያስተካክልልህ ሰው አጣህ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከደጅ ተቀምጬ አይሃለሁ። ጉድ ነው፣ እቤት እያለህ እንዲህ አይቼህ አላውቅም።

መላኩ የዘገየው የታመነ ሰው እስካገኝ ነው። አሁን ነጋዴው ሐሚድ ለሐጅ ይነሣል። ደብተርህን ከራሱ ደብተር ጋር በደረቱ ይይዛታል፤ ሁለት ሰው ሆኖ ይሻገራል ማለት ነው። የኢሕራሙንም ነገር አስጠንቅቄዋለሁ፤ ቢሰፋም እንዳያወልቅ በቁርአን አስምዬዋለሁ። አዲሱን ኮረጆ ያሰፋሁት በቆዳ ሠራተኛ ነው፣ እንግዲህ የምትሰድበው እሱን ነው።

ለአንተ ከማትጠቅም አንዲት ነገር በቀር ሁሉንም ልኬልሃለሁ። እሷን ለራሴ አስቀርቻታለሁ፣ በምትኳ የእናታችንን ቀለበት መልሼ ከትቼልሃለሁ። እንግዲህ ከሐሚድ ጋር ተመለስ። ከመጪው መጋቢት ጀምሮ ለሁለት ሰው ምግብ እሠራለሁ።

እኅትህ ፋዲላ


ጅዳ፣ የካቲት 20 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋዲላ። ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ሐሚድ ቃሉን ጠበቀ፣ ደብተሬን በእጄ አስረከበኝ። ሳልገልጣት ሳምኳት፣ ግንባሬ ላይ አስነካኋት፣ ለየመኑ ሰው መርፌውን መለስኩለት፣ ጓዜን አስሬ ወደ ጣሊያኖቹ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ገለጣት። ፎቶግራፉ የነበረበት ቦታ ላይ በመቀስ የተቆረጠ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። ሰውዬው ደብተሯን ወደ ፊቱ አንሥቶ በቀዳዳው አየኝ። ዓይኑን በቀዳዳው ውስጥ አየሁት። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ።

ፊት የሌለው ወረቀት የማንም ወረቀት ነው፣ የሰረቅኸው ቢሆንስ አሉኝ። ከቢሮው አስወጡኝ። ሐሚድ ትናንት ተሳፈረ፤ መርከቡ እስኪጠፋ ከወደቡ ቆሜ አየሁት።

እትዬ፣ ምን አደረግሁዎ? ባሕር አላስቀረኝም፣ ንዳድ አልገደለኝም፤ በገዛ እጅዎ አስቀሩኝ። ያቺን ቁራጭ ይላኩልኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሷሊሕ


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 25 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሷሊሕ። አላህ ልብህን ያብርድልህ።

አቶ ሽፈራው ደብዳቤህን ሲያነብልኝ «በገዛ እጅዎ» ያልከው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቀየረ። ድገመው አልኩት፣ ደገመው።

እኔ እንዲህ ነበር ያሰብኩት። አንተ ራስህ ከሰዎቹ ፊት ትቆማለህ፣ ዓይንህ፣ አፍንጫህ፣ ጠባሳህ ሁሉ ከአንገትህ በላይ አለ። ሰውየው እያለ የወረቀት ፊት ምን ያደርግላቸዋል? ሥዕል የሚያስፈልገው ሰውየው በሌለበት ቦታ ነው ብዬ ነበር። አንተ የሌለኸው እኔ ዘንድ ነው።

ተሳሳትኩ። በመቀስ ስቆርጠው አቶ ሽፈራው አልነበረም፣ ቢኖር ይከለክለኝ ነበር። ይኸው ፊትህን በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። እስከ ምጽዋ ሐሚድ ራሱ ያደርሰዋል፣ ከዚያ ለመርከብ ሰው ይሰጣል። እንደደረሰህ ላክብኝ። አንድ ቃል ብትሆን ይበቃኛል።

ፋዲላ


ጅዳ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለእትዬ ፋዲላ። ይህ ወረቀት በሕይወት ያግኝዎ፣ ጎጆዎን በሰላም ያግኘው።

ዓመት ከአምስት ወር ሆነ፣ ከእርስዎ ቃል አልደረሰኝም። ጣሊያን ጦርነት ገብቶ ባሕሩ ተዘጋ ሲሉ እሰማለሁ፣ ግን ልቤ አላመነውም። ተቆጥታብኝ ነው ዝም ያለችው እላለሁ። እውነትም ያስቆጣል። እናታችን ስትሞት በጀርባዎ አዝለው ያሳደጉኝን ሴት «በገዛ እጅዎ» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤውን በላክሁት ማግሥት መርከቡን ተከትዬ ልዋኝ ቃጥቶኝ ነበር። ይማሩኝ።

ወሬው ግን ደግ ነው። ጣሊያን ከአገራችን ወጣ አሉን። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝ ሹም እዚህ የቀረነውን ሐበሾች ጠራንና ሄድን። ያችኑ ቀዳዳ ደብተር አሳየሁት። አገላበጣትና «ይህ መንግሥት የለም» ብሎ ወደ ጎን አኖራት። ሁለት ዓመት ያሰረችኝ ደብተር እንዲህ በቀላሉ ተጣለች። ከዚያ «እዚያ የሚያውቅህ ሰው አለ?» አለኝ። አለች፣ እኅቴ አለች አልኩት። ጻፈው። ዝናቡ ሲያባራ፣ በጥቅምት፣ በጀልባ ወደ ምጽዋ ያሻግሩናል። መልስዎ እስከዚያ ይደርሰኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀለበቱ አንገቴ ላይ ነው፤ ስራብም አልሸጥኩትም። እኔ ግን ተለውጫለሁ። ጢሜ ሸብቷል፣ ንዳዱ ሲመላለስብኝ ጉንጬ ገብቷል፣ ትከሻዬ በጆንያው ጎብጧል። ያቺ ፎቶ እርስዎ ዘንድ ካለች፣ ደጅዎ ላይ ስቆም የማላውቀው ሽማግሌ ብለው እንዳይመልሱኝ ያስተያዩኝ።

ታናሽዎ፣ ሷሊሕ


ሸዋ ሮቢት፣ ነሐሴ 29 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሷሊሕ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። አቶ ሽፈራው ሦስት ጊዜ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ዝም አላልኩህም። የዚያን ጊዜ ደብዳቤዬ ከነፊትህ ምጽዋ ደርሶ ተመለሰ፤ ባሕሩ ተዘግቷል ብለው ሐሚድን መለሱት። ደብዳቤውን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፣ አንብበው። አልተቆጣሁህም። ሌሊቱን አለቀስኩ እንጂ፤ ይማሩኝም አትበለኝ፣ ይቅር ማለት ያለብህ አንተ ነህ። ምክንያቱን አሁን ልንገርህ፤ በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍ አፍሬ ነበር እስከ ዛሬ የቆየሁት።

ስፌቴን የሰደብክ ዕለት እውነትህን ነበር። ያኔ ዓይኔን ሞራ ጀምሮት ነበር። የኮረጆህን መርፌ የሰካሁት በዳበሳ ነው። ከነገርኩህ ሐጅህን ትተህ ከጎኔ እንደምትቀር አውቃለሁ፣ ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ስትጽፍብኝም ተቆጣሁ። ፎቶህ ከኮረጆው ሲወጣ ገና የጠዋት ፀሐይ ላይ ይታየኝ ነበር። ብርሃኔ ሳያልቅ ልጥገብህ ብዬ ቆረጥኩት። አንተ ብትዘገይም ትመጣለህ፣ ዓይኔ ግን አይመለስም ብዬ ነው። ያን ቀን ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው፣ የአንተን መንገድ አላሰብኩም።

ደብዳቤው ሲመለስልኝ ፊትህ እንደገና ከእኔ ጋር ከረመ። በመስከረም ጠባሳህ ጠፋብኝ። በገና ሰሞን ዓይንህና አፍንጫህ ተቀላቀሉ። አሁን እጄ ላይ ወረቀት ብቻ ነው፤ የቱ ጎን ፊትህ እንደሆነ የማውቀው በጣቴ ልስላሴውን ዳስሼ ነው።

አቶ ሽፈራው ይህን ሳስጽፈው ብዕሩን አቁሞ ነበር። ጻፍ አልኩት። ያውቅ ኖሯል፣ የጽሕፈቱን ዋጋ በዳበሳ ስቆጥርለት አይቶ።

መንገዱ ላይ ካሚዮን በቆመ ቁጥር እወጣለሁ። ወራጆቹ ሲያልፉ የሚያዝኑልኝ አሉ፣ ሰላም ብለው ያልፋሉ። ባለፈው አንዱ ሳይናገር ደጄ ላይ ቆመ፤ እግሩን ሰማሁት፣ አንተ መሰልከኝ። ውሃ የሚለምን መንገደኛ ነበር።

ስለዚህ ሷሊሕ፣ ስለ ጢምህ አትጨነቅ። ሽበትህንም ጉንጭህንም አላይብህም፤ ለእኔ እንደ ሄድክበት ቀን ነህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ስትመጣ ደጁ ላይ ዝም ብለህ አትቁም፣ ታውቀኛለች ብለህ አትጠብቀኝ። ገና ከመንገዱ ማዶ ሆነህ «እትዬ» በል።

እኅትህ ፋዲላ